አምቦ ያልደረሰው ምርት

በልጅነቴ አምቦ ላይ ፊልም ማለት የህንድ ፊልም ማለት ነበር። በጥቁር መጋረጃ በታፈነች የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ጣውላ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ በአንድ ብር የሦስት ሰዓት ለቅሶ እንሸምት ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ጎረምሳ ከፊት ሆኖ «ወንድሙ መሆኑን ገና አላወቀም» እያለ የገባውን ይተረጉምልናል፤ ያልገባውን ደግሞ ራሱ ፈጥሮ ይሞላልናል። እናቴ ግን ይህን የእኛን ፊልም ትንቀው ነበር። እሷ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ «ማዘር ኢንድያ»ን በትልቅ ሲኒማ ቤት ያየች ሰው ናት። እስከ ዛሬ ድረስ ቡና አፍልታ ስትቀመጥ፣ ባሏ ጥሏት የሄደው ያቺ ገበሬ ሴት ሞፈሩን በትከሻዋ ስትጎትት፣ አራጣ አበዳሪው ምርቷን ሲወስድባት፣ በመጨረሻም የገዛ ልጇን በጥይት ስትጥል እያለች ትተርክልናለች። ትረካው ልጁ ላይ ሲደርስ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

ፊልሙን መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 ሠራው። አራጣ አበዳሪው ሱኪላላ ይባላል። እናቴ፣ የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ልጅ፣ የህንዱን አራጣ አበዳሪ በስሙ ታውቀዋለች። የገዛ አባቷን ምርት እያስሰፈረ የኖረውን ባለርስት ግን በፊልም አይታው አታውቅም ነበር። ፊልሙ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ተሠርቷል፤ ያውም በአማርኛ። ከተሠራም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። ርዕሱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ነው። ይህ ሰው ማንም ሳያዘው ፊልም እየሠራ የኖረ ነፃ ፕሮዲዩሰርና አዘጋጅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የዚህ ነፃነት ዋጋ ነው፤ ከከፋዮቹም አንዱ የእኛ አገር ትንንሽ ከተሞች ተመልካች ይመስለኛል።

(ፕሮፌሰር ኃይሌን «አንተ» የምለው ለማቃለል አይደለም። ሕዝባችን ከያኒውን በአንቱታ አያርቅም፤ እኔም ሕዝቤን ልምሰል።)

ኃይሌ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የወጣበት ቀን ነው። የገጣጠማቸው አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ስለ ጭሰኛ የመጀመሪያውን ትልቅ ፊልም የሠራው ሰው የልደት ቀኑ ከጭሰኝነት ማክተሚያ ቀን ጋር መግጠሙን ሳላነሣ ማለፍ አልሆነልኝም። አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ጽፈውም አልተቀመጡም፤ በገጠሩ እየዞሩ ለባላገሩ ቴአትር ያሳዩ ነበር። አንባቢዬ ይህችን ነገር ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ። ልጁ በበኩሉ በጎንደር ሲኒማ የካውቦይና የታርዛን ፊልም እያየ አደገ። ካደገ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ እሱና ጓደኞቹ በተራራው ላይ ያዩትን ሲጫወቱ ልባቸው ከነጩ ጀግና ጋር ነበር። የኃይሌ የሥራ ዘመን በሙሉ ያን የልጅነት ጭብጨባ ለማረም የተደረገ ትግል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ ትወና ሊማር ወደ ቺካጎው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄደ። እዚያ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው የአሽከርነት ቦታ መሆኑን ሲያይ ትወናውን ትቶ፣ በ1970 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ለመማር ገባ። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ቢሊ ውድቤሪ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች በኋላ ይህን ትውልድ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» ብለውታል። ዓመፁ በሆሊውድ ላይ ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎቹ «ቡሽ ማማ» ይበልጥብኛል። ዶረቲ የምትባል በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ጥቁር ሴት፣ ባሏ ባልሠራው ወንጀል ታስሮባት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅ እንድታስወርድ ስትገፋፋ እናያለን። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ወጣቶችን አቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም። ፖሊሶቹ እውነተኛ ናቸው፤ የሚፈተሹትም የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው። ካሜራ ይዘው መንገድ ላይ የቆሙ ጥቁሮች ሌባ እንጂ ፊልም ሠሪ አይመስሉም ተብሎ ነው። ኃይሌ ያን ክፍል ቆርጦ አልጣለውም፤ ፊልሙን በእሱ ከፈተ። እዚህ ላይ ሰውየውን አወቅሁት ለማለት እደፍራለሁ። የደረሰበትን ሁሉ ወደ ሥራው ጎትቶ የሚያስገባ፣ በሥራውና በኑሮው መካከል አጥር የማያበጅ ሰው ነው። ይህ ጠባዩ ትልቅ ያደረገውን ያህል አንዳንዴ ጎድቶታል፤ «ጤዛ» ላይ ስደርስ አሳያለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ደመወዙ እንጀራው ነበር፤ ለፊልሙ ግን ገንዘቡን ከየትም ከየትም ለቃቅሞ ነው የሚሠራው። «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ፊልሙ ሞና የምትባል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ በሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ ይጀምርና፣ ያው ምሽግ ውጦ ወደ ባርነት ዘመን ይወስዳታል። ርዕሱ የአካን ቃል ነው፤ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ እንደማለት ነው። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ነገር ግን ወደ አሜሪካ ሲመለስ «እኔ አከፋፍለዋለሁ» የሚል ድርጅት ጠፋ።

ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና፣ ራሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ ፊልሙን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው አላለቀሱም። ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ ይከራያሉ፤ የጥቁሮችን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ይዘው ሕዝቡን ይጠራሉ፤ አዳራሹ ይሞላል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ከተማ። ከ30 በላይ ከተሞችን እንዲህ አዳርሰዋል። ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጅያ ጎዳና ላይ፣ «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። በዚህ መደብር ስንት ሐበሻ ቡናውን ጠጥቷል! በፊልሙ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። «ሳንኮፋ» ብዙ ቦታ ይጮኻል፤ ነጮቹ ገጸ ባሕርያት ከካርቶን የተቆረጡ ያህል ስስ ናቸው። ኑኑ የምትባለዋ እናትና ጆ የሚባለው ልጇ የሚጋጩበት ክፍል ግን፣ የገዛ እናቱን እስከ መግደል የሚያደርሰው ያ ራስን መጥላት፣ ከአእምሮ የሚወጣ አይደለም።

አሁን ያስያዝኳችሁን ላንሣ። አባት ቴአትራቸውን ይዘው በገጠሩ ዞሩ። ልጅ ፊልሙን ይዞ የጥቁር አሜሪካን ከተሞች ዞረ። የአባቱን ሥራ ነው የሠራው፤ ሌላ አገር ላይ ሆነ እንጂ። ሥራውን በእጁ አጥብቆ መያዙ አሜሪካ ውስጥ ከነጣቂ አዳነው። እኛ ዘንድ ግን ያው ጥብቅነት በር ዘጋ። ለብዙ ዓመታት የኃይሌን ፊልም የፈለገ ሰው መንገዱ ወደዚያ መደብር ነበር፤ ከአምቦ ጆርጅያ ጎዳና ደግሞ በእግር አይኬድም። የህንድ ፊልም ግን ማንም ይገለብጠዋል፤ የተገለበጠውን ሌላው ይገለብጠዋል፤ ሥዕሉ ደብዝዞ፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆም ቢሆን ጊንጪም ጌዶም ይደርሳል። ሌብነትን ማመስገኔ አይደለም፤ ሆኖም ለትንሽ ከተማ ተመልካች ያመጣለት ሌባው ነው። «ሳንኮፋ» ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ኃይሌም በዚያው ዓመት ከአሜሪካው የአካዳሚ ሙዚየም ሽልማት ተቀበለ። ደስ ብሎኛል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ለሆነበት ለአምቦ ሰው ግን በሩ በርቀት ታየው እንጂ አልተከፈተለትም።

«ጤዛ»ን ያየሁት አዲስ አበባ ነው፤ ገና ትምህርት ላይ ሳለሁ። 14 ዓመት የተደከመበት ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰትን ሽልማት፣ በ2009 ኡጋዱጉ ላይ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አግኝቷል። ጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ፣ ጣና አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው። ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ እናቶች በሌሊት ስንቅ ያቀብላሉ። የመንደሩ ክፍል እንከን የለውም። ሐይቁ፣ የጧቱ ጤዛ፣ የልጆቹ እንቆቅልሽ፣ እናቲቱ የልጃቸውን ዝምታ እያዩ የሚጨነቁት ጭንቀት! ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍን ከህንድ ቤተሰብ ከተወለደው አሜሪካዊ ፒያኒስት ከቪጃይ አየር ጋር ሠርቶታል፤ የህንድ ነገር አሁንም አልለቀቀንም። ተማሪዎቹ ጀርመን ላይ ስለ አብዮት ሲከራከሩ ግን ፊልሙ ይደርቃል። ሰዎቹ እርስ በርስ መነጋገሩን ትተው ለእኛ ያስረዱናል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚነበብ ይመስላል። ኃይሌ የዚያ ትውልድ ሰው ነው፤ ቁስሉ የራሱ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ቃል እንኳ መቁረጥ አልሆነለትም። ቀደም ሲል ጠባዩ አንዳንዴ ጎድቶታል ያልኩት ይህን ነው።

ወደ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የወጣው። ኃይሌ ገና የሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ፣ በአብዮቱ መባቻ፣ ወደ አገሩ መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያው ትወና ያልሆነ ባላገር ይዞ፣ በአጭር ጊዜ ቀረጸው። ርዝመቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይቻላል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለባለርስት ያርሳል፣ ያግዳል፣ ይላላካል፤ ልጅቱ ከብት ስትጠብቅ ጎርፍ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀውና «እብድ» የተባለው ከበበ ባለርስቱን ይገድለዋል።

እኛ ጸሐፊዎች ስለ ኃይሌ ስንጽፍ የሽልማቱን ዝርዝር እንደረድርና እንጨርሳለን። ፊልሙ ምን ይመስላል? ማን ምን አለ? ስንቶቻችን አይተነዋል? እኔም ያላየሁትን አሞግሼ ጽፌ አውቃለሁ፤ ኀፍረቱ የራሴ ነው። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ከውጭ ዲቪዲውን ሲያመጣልኝ፣ ብቻዬን ከማየት ብዬ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ከጉደር አለፍ ብሎ ወዳለው ወደ አያቴ ቤት ሄድኩ። አያቴ ሰማንያን አልፈዋል። አዋጁ እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛ ነበሩ፤ እኩል አራሽ። አማርኛ የተማሩት ፍርድ ቤት ደጃፍ ነው፤ በአንድ የመሬት ክርክር ምክንያት፣ አስተርጓሚ ሲያጉላላቸው። እናቴም አብራን ነበረች፤ ጎረቤትም ተሰበሰበ።

ልቤ ፈርቶ ነበር። ፊልሙ ቀስ ያለ ነው። ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ ይነሣል፤ እሳት ይጫራል፤ በሬ ይጠመዳል። ካሜራው አይቸኩልም። የሕንድ ዘፈን የለመደ ሰው እንዴት ይታገሠዋል? የከተማ ወዳጆቼ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልካቸውን አውጥተዋል። አያቴ ግን ወደ ፊት ዘነበሉ። እኔ ምንም ያልተደረገበት የመሰለኝ ክፍል ለሳቸው በሥራ የተሞላ ነበር። «ይህ በሬ ደክሟል፤ ይተውት» አሉ። ባለርስቱ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከሩቅ እየጮኸ ሲያዝ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልጣመኝም። ቀጥለው «ይሄ ብቻውን ተቀምጧል። የእኛው ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም፤ ጭቃው አለ፣ ዳኛው አለ፣ አስተርጓሚው አለ» አሉ።

አስተርጓሚ! እዚህ ላይ አያቴ ማንም ሃያሲ ያላለውን አሉ። ኃይሌ ጭሰኛውና ባለርስቱ አንድ ቋንቋ የሚናገሩበትን አገር ነው የቀረጸው። በፊልሙ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው መሬትና ምርት ብቻ ነው። በምዕራብ ሸዋ ግን በብዙ ቦታ መካከላቸው ቋንቋም ነበር። ገበሬው በኦሮምኛ ይማልዳል፣ ፍርዱ በአማርኛ ይጻፋል። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ከዚሁ ከአምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ የተወለደው ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛን ተውኔት ያነገሠ ሰው ነው፤ ቋንቋ እንደ አጥር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ይሁንና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ርዕሱን ሲያወጣ የመላ ኢትዮጵያን ገበሬ ታሪክ ልናገር ብሎ ነው የተነሣው። ሦስቱን ሺህ ዓመት ለሁላችንም አደለን። በእኛ በኩል ያለው ታሪክ እንዲያ ረጅም አይደለም፤ የአያቴ አያት መሬቱን በራሱ ስም ያርስ ነበር። ይህ የፊልሙን ውበት አይቀንሰውም፤ ተናገርኩለት ያለው ሕዝብ ከፊቱ ካለው ሕዝብ ይሰፋ እንደነበር ግን ያሳያል።

ጎርፉ ሲመጣ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቱ ላሟን ላድን ብላ ውኃ ውስጥ ገባች። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አያቴ «ላሟ የማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። የባለርስቱ መሆኗን ነገርኳቸው። «አውቄያለሁ» አሉ። «የራሷ ብትሆን ኖሮ ትተዋት ነበር።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። እኔ የኃይሌን ፊልም በተመለከተ ከዚህ የተሻለ ሂስ አንብቤ አላውቅም። «ማዘር ኢንድያ» ውስጥ ግፉ ይዘፈናል፤ እኛም አልቅሰን ይወጣልናል። ኃይሌ ግን ልጅቱን የገደላትን ፍርሃት አስቀድሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አስለምዶናል፤ ባለርስቱ በጮኸ ቁጥር ቤተሰቡ እንዴት እንደሚደነብር እያየን ቆይተናል። ጎርፉ ሲደርስ ፍርሃቱ ሥራውን ጨርሷል። የፊልሙ ዝግታ ምክንያት አለው ማለት ይህ ነው።

መብራት ጠፋ፤ ቀሪውን በማግስቱ ጨረስን። ከበበ ዱላውን ሲያነሣ ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ አያቴ አላጨበጨቡም። «እሱስ ሞተ፤ መሬቱ ለማን ሆነ?» አሉ። የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ፤ መሬቱን ግን የማንም የግል አላደረገውም። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞም የመሬት ጥያቄ ነበር። ከአያቴ ደጅ ተቀምጠው ፊልሙን ካዩት ወጣቶች መካከል ያን ጊዜ መንገድ ላይ የነበሩ አሉ። እነሱ ስለ ንጉሡ ዘመን የተሠራ ፊልም አላዩም። በየመካከሉ የሚነጋገሩት ስለ ራሳቸው ማሳ ነበር።

ስንጨርስ አንዲት ጎረቤት፣ አክስቴ የምላቸው፣ ሠሪው የት እንዳለ ጠየቁኝ። አሜሪካ መሆኑን፣ ዕድሜውም ሰማንያ አካባቢ መድረሱን ነገርኳቸው። «እዚህ መጥቶ አሳይቶት ያውቃል?» አሉ። ከዓመታት በፊት አባቱ ቴአትር ይዘው በገጠር ይዞሩ እንደነበር አጫወትኳቸው። ይህን ሲሰሙ በጣም ወደዱት፤ ወደ አያቴ ዞረው በኦሮምኛ ደገሙላቸው። ከዚያም ወደ እኔ ተመልሰው፣ ዲቪዲውን ይዤ ከሄድኩ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ልጃቸው በምን እንደሚያየው ጠየቁኝ። ልጃቸው ሻኩራ ሆኖ ቀርቶ አንድም ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ትቼላቸው መጣሁ።